የዓለም ታሪክ ክለሳ፦ ከሽምደዳ የሚያወጣ አሠራር

የዓለም ታሪክ ፈተና ሲቃረብ ብዙ ተማሪ የስምና የዓመት ዝርዝር አውጥቶ ከላይ እስከ ታች መሸምደድ ይጀምራል። ሮብስፒየር፣ ሜተርኒክ፣ ቢስማርክ፣ ሌኒን። 1789፣ 1815፣ 1871፣ 1917። ማታ በደንብ የተያዘው ጠዋት ፈተና ክፍል ውስጥ ይደበላለቃል። ሜተርኒክ ጀርመንን አንድ ያደርጋል፤ ቢስማርክ ናፖሊዮን ቦናፓርትን ያሸንፋል። ተማሪው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ስም ብቻውን፣ ዓመትም ብቻውን፣ የሚያያዝበት ነገር ስለሌለው ነው።

እዚህ የምጽፈው አሠራር ለ12ኛ ክፍል ተማሪም፣ ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪም፣ ታናናሾቹን ለሚያስጠና ሰውም ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ከተለመደው የተለየ ነው። መጀመሪያ የታሪክ መታጠፊያዎችን እንይዛለን። ከዚያ ቃላቱ ይከተላሉ። ሰዎቹ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ እርሳስ እና ከወፍራም ወረቀት የተቆራረጡ ካርዶች። ያለቀ ደብተር ሽፋኑ ተቆርጦ ጥሩ ካርድ ይወጣዋል።

1. በቅድሚያ የዘመን አቆጣጠሩን ለዩ

የዓለም ታሪክን ስትከልሱ ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙ። ወደ እኛ አቆጣጠር የምትቀይሩት ኢትዮጵያን የሚነካ ነገር ሲመጣ ብቻ ይሁን። እዚህ ጽሑፍ ላይም «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቱ የአውሮፓውያን ነው።

መቀየሪያው ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ዓመት። 1928 ዓ.ም.ን እንይ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን የወረረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 3 ቀን 1935። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተናገሩት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ጁን 30 ቀን 1936። በእኛ አንድ ዓመት የሆነው በእነሱ ሁለት ሆነ። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ተማሪ ወረራውን ወደ 1936 ይወስደዋል።

ሩሲያም ተመሳሳይ ጣጣ አለባት። እስከ 1918 መጀመሪያ የምትቆጥረው በአሮጌው የጁሊያን አቆጣጠር ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ልዩነቱ 13 ቀን ነው። ስለዚህ የ1917ቱ «የፌብሩዋሪ አብዮት» በአዲሱ አቆጣጠር የጀመረው ማርች 8 ነው፤ «የኦክቶበር አብዮት» ደግሞ ኖቬምበር 7። የምርጫ ጥያቄ ላይ ኖቬምበር ብታዩ አትደንግጡ።

2. መታጠፊያዎቹን ምረጡ፤ ከ15 አይብለጡ

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከ15 የማይበልጡ መታጠፊያዎችን በዓመት ቅደም ተከተል ጻፉ። ከ1450 ወዲህ ላለው ታሪክ እኔ የምመርጣቸው እነዚህ ናቸው፦ የቁስጥንጥንያ በኦቶማኖች እጅ መውደቅ በ1453፣ የኮሎምበስ እና የቫስኮ ዳ ጋማ ጉዞዎች በ1492 እና በ1498፣ የሉተር ተሐድሶ በ1517፣ ከ1760ዎቹ ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ የተነሣው የኢንዱስትሪ አብዮት፣ የፈረንሳይ አብዮት በ1789፣ የቪየና ጉባኤ በ1814–15፣ የጀርመን አንድነት በ1871፣ የበርሊን ጉባኤ በ1884–85፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መነሣት በ1914፣ የሩሲያ አብዮት በ1917፣ የኢኮኖሚው ውድቀት በ1929፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በ1945፣ 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻ የወጡበት 1960፣ እና ከበርሊን ግንብ እስከ ሶቪየት ኅብረት መፍረስ ያለው 1989–91። መምህራችሁ ሌላ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ችግር የለውም። ዋናው ዝርዝሩ አጭር መሆኑ ነው።

መታጠፊያ እና ዝነኛ ክስተት አንድ አይደሉም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከዚህ በኋላ የነበረው አኗኗር ወይም አገዛዝ በፊት ወደነበረበት መመለስ ይችል ነበር? ናፖሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈበትን ዋተርሎን ውሰዱ። ስሙን የማያውቅ የለም። ጦርነቱ የተካሄደው ጁን 18 ቀን 1815 ነው። የቪየና ጉባኤ የመጨረሻ ሰነድ ግን የተፈረመው ጁን 9 ነው፤ ከዋተርሎ ዘጠኝ ቀን በፊት። ኃያላኑ የአውሮፓን ካርታ ደልድለው ጨርሰዋል። ናፖሊዮን በ1814 አንድ ጊዜ ተሸንፎ ኤልባ ደሴት ተግዞ የነበረ ሰው ነው። ዋተርሎ መመለሱን ዘጋው እንጂ ድልድሉን አላመጣውም። ስለዚህ ገጹን የምትሰጡት ለቪየና ነው፤ ዋተርሎ እዚያው ገጽ ውስጥ አንድ መስመር ይበቃዋል።

3. ለእያንዳንዱ መታጠፊያ አንድ ገጽ ስጡ

ገጹን በሦስት ክፈሉት። ላይ «በፊት»፣ መሐል «ምን ሆነ»፣ ታች «በኋላ»። ከመጽሐፍ መገልበጥ የለም። አንብባችሁ፣ መጽሐፉን ዘግታችሁ፣ በራሳችሁ አባባል ጻፉ። 1789ን አብረን እንሥራው።

«በፊት» በሚለው ሥር የሚገባው የፈረንሳይ ማኅበረሰብ አከፋፈል ነው። ሦስት መደብ ነበር፦ ካህናት፣ መኳንንት እና ሦስተኛው መደብ። ከሕዝቡ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በሦስተኛው ውስጥ ነው፤ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ጠበቃውም። ዋናው የግብር ሸክም የወደቀው በእነሱ ላይ ነው። መንግሥት ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል፤ የአሜሪካንን የነጻነት ጦርነት መርዳቱ ራሱ ዕዳውን አብሶታል። በ1788 አዝመራው ተበላሸ፣ የዳቦ ዋጋ ናረ። ይህን ሳትጽፉ ወደ ባስቲል እስር ቤት መሰበር አትሂዱ። የዳቦ ዋጋ ያልገባበት የፈረንሳይ አብዮት ገጽ ጎዶሎ ነው።

«ምን ሆነ» የሚለው ላይ ቀኖቹን በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ሜይ 5 ቀን 1789 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ከ1614 ወዲህ ተጠርቶ የማያውቀውን የሦስቱን መደቦች ጉባኤ ቬርሳይ ላይ ከፈተ። ወዲያው ጸብ ተነሣ። ድምፅ የሚሰጠው በመደብ ከሆነ ካህናቱና መኳንንቱ ሁልጊዜ ሁለት ለአንድ ያሸንፋሉ። ሦስተኛው መደብ ይህን አልቀበልም አለ፤ ጁን 17 ራሱን ብሔራዊ ጉባኤ ብሎ ሰየመ። ጁን 20 የስብሰባው አዳራሽ ተዘግቶ ሲያገኙት በአቅራቢያው ወዳለ የቴኒስ መጫወቻ ገብተው ሕገ መንግሥት ሳናወጣ አንበተንም ብለው ማሉ። ጁላይ 14 የፓሪስ ሕዝብ ባስቲልን ሰበረ። ኦገስት 4 ሌሊት ጉባኤው የመኳንንቱን የፊውዳል መብቶች ሻረ። ኦገስት 26 የሰውና የዜጋ መብቶች መግለጫን አጸደቀ። ኦክቶበር 5 የፓሪስ ሴቶች ዳቦ እያሉ በእግራቸው ቬርሳይ ሄዱ፤ በማግስቱ ንጉሡን ከነቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ይዘውት ተመለሱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ባስቲል በተሰበረበት ቀን ውስጡ የነበሩት እስረኞች ሰባት ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ የሄደው ባሩድ ፍለጋ ነው፤ ከተማዋን የከበበው የንጉሡ ጦር ያጠቃናል ብሎ ሠግቷል። የቀኑ ክብደት ንጉሡ ፓሪስን መቆጣጠር እንዳቃተው መታየቱ ላይ ነው። ገበሬውን የነካው ለውጥ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 4 ሌሊት ነው። «በጣም አስፈላጊው ቀን የቱ ነው?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ጁላይ 14 ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

«በኋላ» የሚለው ረዥም ነው። በሴፕቴምበር 1792 ፈረንሳይ ሪፐብሊክ ሆነች። ጃንዋሪ 21 ቀን 1793 ንጉሡ በጊሎቲን ተገደለ። የሽብር ዘመን መጣ፤ የዘመኑ መሪ ሮብስፒየርም ጁላይ 28 ቀን 1794 በዚያው በጊሎቲን አለቀ። ናፖሊዮን በኖቬምበር 1799 ሥልጣን ያዘ፣ በ1804 ንጉሠ ነገሥት ሆነ።

ከዚህ ገጽ ላይ ሄይቲን እንዳታስቀሯት እለምናችኋለሁ። ብዙ ማስታወሻ ይዘላታል፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው ሳን ዶማንግ (የዛሬዋ ሄይቲ) ባሪያዎቹ በኦገስት 1791 ተነሡ። የሰው መብት ሲባል እኛም ሰው ነን አሉ። በ1794 ፈረንሳይ ባርነትን ሻረች። ናፖሊዮን ሊመልሰው ጦር ላከ። መሪው ቱሳን ሉቨርቱር ተይዞ ፈረንሳይ እስር ቤት ውስጥ በ1803 ሞተ፤ ትግሉ ግን አልቆመም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 እሱን የተካው መሪ ዴሳሊን የሄይቲን ነጻነት አወጀ። ናፖሊዮን ዘውድ በጫነበት በዚያው ዓመት ባሪያ የነበሩ ሰዎች መንግሥት አቆሙ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብትጽፏቸው 1804 ከጭንቅላታችሁ አይወጣም፤ አብዮቱ ያነሣው ጥያቄ እስከ የት እንደደረሰም ይገባችኋል።

4. መንስኤዎቹን በሰንሰለት አስተሳስሩ

ፈተና ላይ በጣም የሚጠየቀው መንስኤ ነው። ጥያቄውም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሥር የሰደደውን መንስኤ፣ ሌላው ቅርቡን፣ ማለትም አቀጣጣዩን። መልመጃው 1914 ይሁን።

ሥር የሰደዱት ዓመታት የወሰዱ ናቸው። በ1882 ጀርመን፣ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ እና ኢጣሊያ ተዋዋሉ። በሌላ ወገን ፈረንሳይና ሩሲያ በ1894፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1904፣ እንግሊዝና ሩሲያ በ1907 ተቀራረቡ። የጦር መርከብ ፉክክር፣ የቅኝ ግዛት ሽሚያ፣ የባልካን ሕዝቦች ብሔርተኝነት በዚህ ላይ ተጨመረ።

ቅርቡ ሰንሰለት ግን ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው። ጁን 28 ሳራዬቮ ላይ የ19 ዓመቱ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድንና ሚስቱን ገደለ። ጁላይ 23 ኦስትሪያ ለሰርቢያ የ48 ሰዓት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጠች። ጁላይ 28 ጦርነት አወጀችባት። ጁላይ 30 ሩሲያ ለሰርቢያ ቆማ ሙሉ ክተት አዘዘች። ኦገስት 1 ጀርመን በሩሲያ ላይ፣ ኦገስት 3 በፈረንሳይ ላይ አወጀች። ኦገስት 4 የጀርመን ጦር ወደ ፈረንሳይ ለማለፍ ገለልተኛዋን ቤልጅየም ወረረ፤ በዚያው ቀን እንግሊዝ ገባች።

አሁን ይህን ጮክ ብላችሁ ለሰው ተርኩት። በየመሐሉ «ለምን?» እያለ የሚያቋርጣችሁ ጓደኛ ብታገኙ ደግሞ የተሻለ ነው። «ሰርቢያን የሚመለከት ጸብ ቤልጅየምን ለምን ነካ?» የሚለውን መመለስ የቻለ ተማሪ 1914ን ይዞታል። የጀርመን ዕቅድ ሩሲያ ተዘጋጅታ ሳትጨርስ ፈረንሳይን በፍጥነት መምታት ነበር፤ ፈጣኑ መንገድ ደግሞ በቤልጅየም በኩል ነው። አንድ ወጥመድም ልጠቁማችሁ። ኢጣሊያ ከጀርመን ጋር የተዋዋለች ብትሆንም በ1914 አልተዋጋችም። በሜይ 1915 የገባችው በተቃራኒው ወገን ነው።

አንዱን ገጽ ከሌላው ጋር የሚያገናኝ ቀስትም ይኑራችሁ። ጃንዋሪ 18 ቀን 1871 የጀርመን ኢምፓየር የታወጀው ድል በተደረገችው ፈረንሳይ፣ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት በመስታወቱ አዳራሽ ነው። ጁን 28 ቀን 1919 ጀርመን የቬርሳይን ውል እንድትፈርም የተደረገው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ቀኑም የሳራዬቮው ግድያ አምስተኛ ዓመት ነው። ከ1929ኙ ገጽም ወደ ሂትለር ቀስት አውጡ። ናዚዎች በሜይ 1928 ምርጫ ያገኙት የፓርላማ ወንበር 12 ነበር። የኢኮኖሚው ውድቀት ከመጣ በኋላ፣ በጁላይ 1932፣ 230 አገኙ። በዚያም ቢሆን ግማሽ አልሞሉም። ሂትለርን ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ቻንስለር አድርጎ የሾመው ፕሬዝዳንት ሂንደንቡርግ ነው።

5. ቃላቱን በካርድ ያዙ

የካርዱ ፊት ላይ ቃሉን ብቻ ጻፉ። ጀርባው ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ በራሳችሁ አባባል አጭር ትርጉም፣ የታየበት አንድ ቦታና ዓመት፣ እና ከምን ጋር እንደሚምታታ። ቦታና ዓመት የሌለው ትርጉም በሁለተኛው ቀን ይጠፋል።

ለምሳሌ ብሔርተኝነት። ጀርባው ላይ «ጀርመንን እና ኢጣሊያን አንድ አደረገ፤ ኦስትሪያ-ሀንጋሪን እና ኦቶማንን በታተነ» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ኃይል ሁለት ተቃራኒ ሥራ መሥራቱን ያየ ተማሪ ቃሉን አይረሳም።

ሌላ፦ የጋራ ደኅንነት። አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ እንደተጠቁ ቆጥረው ይነሣሉ ማለት ነው። ምሳሌው የእኛው ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ነው። በ1935 ስትወረር ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ጣለ። ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጪ ቀረ። የስዌዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። የጋራ ደኅንነት በወረቀት ላይ ምን እንደሚል፣ በሥራ ላይ ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ የለም። በውጭ አገር መጻሕፍት ሳይቀር የሚጠቀሰው ይኸው ነው።

የበርሊን ጉባኤ ካርድ ላይ ደግሞ የሚምታታውን በደንብ ጻፉ። ጉባኤው ከኖቬምበር 15 ቀን 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1885 ተካሄደ፤ 14 መንግሥታት ተሳተፉ፤ አንድም የአፍሪካ ተወካይ አልነበረም። ብዙ ሰው የአፍሪካ ድንበር ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ በማስመሪያ ተሰመረ ብሎ ያስባል። ጉባኤው ያወጣው በዋናነት የሽሚያውን ሕግ ነው፦ የባሕር ዳርቻን ይዣለሁ የሚል ለሌሎቹ ያሳውቅ፣ በቦታው ላይም ሥልጣኑን በተግባር ያሳይ። አብዛኛው ድንበር የተሰመረው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በተናጠል ስምምነት ነው። የዓድዋ ድል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወይም ማርች 1 ቀን 1896፣ የመጣው ከጉባኤው 11 ዓመት በኋላ ነው። በተጨማሪ በ1878 ሌላ የበርሊን ጉባኤ አለ። የእሱ ጉዳይ ባልካን ነው። ሁለቱን በአንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን ጻፏቸው።

የቀሩት ካርዶች በዚሁ መልክ ይሠራሉ። ማባበል፣ ማለትም ጦርነት እንዳይነሣ ለጉልበተኛው የጠየቀውን መስጠት፣ ሲባል ሙኒክ፣ ሴፕቴምበር 1938። የቀዝቃዛው ጦርነት ቃላት ሲመጡ ደግሞ የ1948–49 የበርሊን ከበባ፣ በ1949 የተመሠረተው የምዕራቡ ወታደራዊ ኅብረት ኔቶ፣ በ1955 የመጣው የምሥራቁ ወገን የዋርሶ ስምምነት።

6. ሰዎቹ አሁን ይምጡ

ለሰው ካርድ የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም። የት ተወለደ፣ የት ተማረ የሚለውን ተዉት። ሦስት መስመር በቂ ነው፦ ምን ፈለገ? ምን አደረገ? ያላደረገውን ምን ያሸክሙታል?

ሦስተኛው መስመር ወርቅ ነው። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን ፈለሰፈ ይባላል። ኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር የሠራው በ1712 ነው። ዋት በ1769 በፓተንት ያስመዘገበው ነዳጅ በጣም የሚቆጥብ ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው ትልቅ ነው፤ ፋብሪካውን የለወጠው እሱ ነው። መልሱ ግን «ፈለሰፈ» ሳይሆን «አሻሻለ» ነው። ጎርባቾቭም ሶቪየት ኅብረትን ሊያፈርስ አልተነሣም። በ1985 ሥልጣን ሲይዝ የፈለገው ሥርዓቱን ማደስ ነበር፤ ዲሴምበር 25 ቀን 1991 ሥልጣን የለቀቀው አገሩ ከእጁ ስታመልጥ ነው።

የሚምታቱ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጉ። መጀመሪያ ያነሣናቸው ሜተርኒክና ቢስማርክ የሁሉም ራስ ምታት ናቸው። ሜተርኒክ የኦስትሪያ ሰው ነው፤ ቪየና ላይ የፈለገው አሮጌው ሥርዓት እንዳይነካ ነው፤ የ1848ቱ አብዮት ከሥልጣን አባረረው። ቢስማርክ የፕሩሲያ ሰው ነው፤ በ1862 ሥልጣን ይዞ በ1864፣ በ1866 እና በ1870–71 በሦስት ጦርነት ጀርመንን አንድ አደረገ። የተወለደው ኤፕሪል 1 ቀን 1815 ነው። ዋተርሎ ላይ ሲዋጉ እሱ ገና የሁለት ወር ተኩል ሕፃን ነበር። ይህን ያወቀ ሁለቱን መቼም አያምታታም። ቢስማርክ ያሸነፈው የናፖሊዮን ቦናፓርትን የወንድም ልጅ፣ ናፖሊዮን ሦስተኛውን ነው።

ቴዎዶር ሩዝቬልት ከ1901 እስከ 1909፣ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ1933 እስከ 1945 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ነበሩ። የገንፎ እና የጨው ያህል አብረው የሚጠሩትን ሌኒንና ስታሊንንም እንዲሁ ለዩ፤ ሌኒን በጃንዋሪ 1924 ሞቷል፣ ስለዚህ የ1930ዎቹ ነገር ሁሉ የስታሊን ነው።

ሰዎቹን ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ እውነተኛ መስመር ካለ ተጠቀሙበት። በ1541 አራት መቶ ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ይዞ ምጽዋ የደረሰው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። አባትየው በ1498 የከፈተው የሕንድ ባሕር መንገድ ልጁን ወደ ግራኝ አሕመድ ጦርነት አመጣው፤ በ1542 እዚሁ ሞተ። 1498 ከዚህ በኋላ ሩቅ ቁጥር አይሆንም።

7. ደብተር ዘግታችሁ አውጡት

እስካሁን የሠራነው መጻፍ ነው። ክለሳ የሚባለው ከዚህ ይጀምራል። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ፈተናው ግን የሚጠይቀው ከጭንቅላት ማውጣት ነው። ስለዚህ ባዶ ወረቀት ያዙ፣ «1789» ብላችሁ ጻፉ፣ ሰዓት ተመልክታችሁ አሥር ደቂቃ የምታስታውሱትን ሁሉ አፍስሱ። ከዚያ ደብተሩን ክፈቱና የቀረውን በቀይ አሟሉ። በሚቀጥለው ጊዜ የምታነቡት ቀዩን ብቻ ነው።

ገጹን በሠራችሁ ማግስት አንዴ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንዴ፣ ከሳምንት በኋላ አንዴ እንዲህ አድርጉ። በሳምንት አራት መታጠፊያ ብትሠሩ 14ቱ በአንድ ወር ያልቃሉ። ካርዶቹን ለታክሲ ወረፋ ያዙ። የመለሳችሁትን ወደ ኋላ፣ የሳታችሁትን ወደ ፊት።

ካርታም ሣሉ። ውብ መሆን የለበትም። የአውሮፓን ቅርጽ በእርሳስ ንደፉና ሳራዬቮን፣ ቪየናን፣ በርሊንን፣ ቬርሳይን በግምት አስቀምጡ። ቤልጅየም በጀርመንና በፈረንሳይ መካከል እንዳለች በዓይኑ ያየ ሰው ኦገስት 4ን መሸምደድ አያስፈልገውም።

የአለፉ ዓመታት የምርጫ ጥያቄዎች ካገኛችሁ መልሱን ብቻ አትክበቡ። የቀሩት ሦስቱ ለምን ስሕተት እንደሆኑ በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ጊዜ ይወስዳል፤ ከአንድ ጥያቄ ግን አራት ነገር ታገኛላችሁ።

8. የመጨረሻዎቹ ቀናት

ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው አዲስ ገጽ አትክፈቱ። በየቀኑ ሦስት መታጠፊያ በባዶ ወረቀት አውጡ። በመጨረሻው ቀን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ፣ 14ቱን ከነዓመታቸው፣ ሳታዩ ጻፉ፤ በመካከላቸው ያሉትን ቀስቶች አስምሩ። የሳታችኋቸውን ካርዶች አንዴ አገላብጣችሁ ተኙ።

ፈተና ክፍል ውስጥ ጥያቄውን ስታነቡ መጀመሪያ የሚጠይቀውን ነገር አስምሩበት። መንስኤ ነው ወይስ ውጤት? ሥር የሰደደው ነው ወይስ አቀጣጣዩ? ዓመቱ ከተጻፈ ከየትኛው መታጠፊያ በፊት ወይም በኋላ እንደሆነ ጥግ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ጥያቄው የ1820ዎቹን አውሮፓ የሚያነሣ ከሆነ ቢስማርክ ምርጫ ውስጥ ቢገባም ሰርዙት፤ ያኔ ገና ልጅ ነበር።